ጄሉን ፀሐይ ላይ ያሰጣሁ እኔ ነኝ

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናግሬአለሁ። ጾም የሻርሁበትን ቀን፣ ሰው ያማሁበትን፣ ከጎረቤት ጋር በአጥር ተጣልቼ ሰላም ሳልላት የከረምሁበትን ሁሉ አንድ በአንድ ነግሬአቸዋለሁ። ይህን ግን ዘለልሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ ዘለልሁት። በጽሑፍ ያደረግሁት ምላሴ እንደገና እንዳይዘለው ብዬ ነው። እናንተ የምታነቡት እንደ ካህን ሆናችሁ ስሙኝ፤ ምክንያት ግን አትፈልጉልኝ።

የበደልሁት የወንድሜን ልጅ ሰናይትን ነው።

ሰናይት ከሳንጃ ወደ እኔ ስትመጣ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ነበር። እኔ ያኔ ከጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ጡረታ ወጥቼ፣ ባሌ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት፣ መተማ ዮሐንስ ከከባድ መኪና ማቆሚያው ጀርባ ባለው ቤቴ ብቻዬን እኖር ነበር። ልጅቱ ሥራ አትንቅም። አንድ ክረምት ሰሊጥ ስታርም ከርማ ባገኘችው ገንዘብ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ዕቃ አስመጣችና አንድ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረችው።

ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው የላስቲክ እጅ ነበር። ከክንዱ የተቆረጠ ይመስላል፤ ጣቶቹ ይታጠፋሉ፤ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር በብሎን ይታሰራል። በየጣቱ ጫፍ ስንጥቅ አለው። የፕላስቲክ ጥፍር እዚያ ይሰካል፣ ይሞረዳል፣ ጄል የሚሉት ወፍራም የጥፍር ቀለም ይቀባል፤ ከተበላሸ ተነቅሎ ሌላ ይሰካል። ጀማሪ የሰው ጣት ሳታቆስል የምትለማመድበት ነው። ጎረቤቴ አገሬ ወንፊት ልትዋስ ገብታ አየችውና ከደጃፉ አፈገፈገች።

«በስመ አብ! ይች ልጅ የማንን እጅ ቆርጣ አመጣች?»

«የርስዎን ለመቁረጥ እየተለማመድሁ ነው፣ እትዬ አገሬ» አለቻት ሰናይት፣ ሳትስቅ።

አገሬ ወንፊቱን ሳትወስድ ሄደች።

የተቀባው ጄል የሚደርቀው በትንሽ መብራት ውስጥ ነው። የሰናይት መብራት ሰዓት መቁጠሪያው ሲመጣም አይሠራም ነበር፤ ስለዚህ በአባታችን ሆይ ትለካው ጀመር። የላስቲኩን እጅ ጣቶች መብራቱ ውስጥ ከትታ ቀስ ብላ አንድ ጊዜ ትደግማለች፤ ስትጨርስ ታወጣቸዋለች። አንድ ቀን ቸኩላ «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ስታወጣው ጄሉ ተጨማደደባት። በዚያ ሰሞን ቤቴ ውስጥ የተደገመውን ያህል ጸሎት በዐቢይ ጾምም ተደግሞ አያውቅም።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ፣ ይህ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም፣ እጁን ፈትታ ደጅ ትወጣና ለፀሐይ ታሳየዋለች።

«ፀሐይም ያደርቀዋል፣ እትዬ» አለችኝ። «ብልቃጡን ግን እንዳታየው ነው። ፀሐይ ያየችው ጄል አለቀለት፤ ድንጋይ ነው።»

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ሳላውቅ አደረግሁት የምልበት በር የለኝም።

በከተማው የውበት ቤት ያላት አንዲት ሴት ለጥፍር ሥራ ልጅ ፈለገች። ሰናይትንና አንዲት ሌላ ልጅ ለአንድ ቅዳሜ ቀጠረቻቸው። እያንዳንዳቸው የላስቲክ እጃቸውን፣ ጄላቸውንና ብሩሻቸውን ይዘው መጥተው ፊቷ አምስት ጥፍር ሊሠሩ፣ ጄሉ ከጥፍሩ ጠርዝ ያልተነሣባት የሥራውን ወንበር ልታገኝ ነው። ሴትዮዋ ሠራተኞቿን የምታሳድረው ከራሷ ቤት ነበር። እንግዲህ ሰናይት ወንበሩን ካገኘች ከእኔ ዘንድ ወጣች ማለት ነው። ታገኛለች ደግሞ። እጇ እየቀናላት መሆኑን እኔም፣ የማላውቀው፣ አይቼዋለሁ።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ልብስ ልታጥብ ወንዝ ወረደች።

ጄሉን ከሣጥን ያወጣሁ እኔ ነኝ። የጠቀለለችበትን ጥቁር ፌስታል የፈታሁ እኔ ነኝ። አፈ ሰፊዎቹን አራት ትንንሽ ብልቃጦች አንድ በአንድ የከፈትሁ፣ ብሩሹን ነክሬ አጠገባቸው ያጋደምሁ፣ በርበሬ እንደሚያሰጣ ሰው መስኮቱ ደፍ ላይ ያሰጣሁ እኔ ነኝ። ወሩ ሚያዝያ ነበር። የመተማን የሚያዝያ ፀሐይ ለሚያውቅ ሌላ አልጨምርም። ወንበር ስቤ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን አንዱን በመርፌ ወጋሁት፤ መርፌው አልገባም። ያን ጊዜ ተነሥቼ ሽሮ ጣድሁ።

ሰናይት እርጥብ ልብሷን እንደታቀፈች መስኮቱ ዘንድ ቆመች።

«እትዬ፣ ይኸን ማን አወጣው?»

ሽሮውን አማሰልሁ።

«እኔ ነኝ? ትናንት ስለማመድ ቆይቼ... ከትቼው አልነበረም? የከተትሁት መስሎኝ ነበርኮ።»

«ጠዋትም እዚያው አይቼዋለሁ» አልሁ። «መርሳት እንደሆነ ልማድሽ ነው።»

ጄል ሌላ ይገኛል። ብሩሽ ሌላ ይገኛል። ይህን ቃል ግን ከሰው ልብ ማን ያወጣዋል? የመጀመሪያውን በደል በእጄ ሠራሁት፤ ሁለተኛውን በአፌ። ሁለተኛው ይከፋል። ልጅቱ መርሳት ልማዷ አልነበረም። እኔ ነኝ ልማድ ያደረግሁላት።

በነጋታው አልሄደችም። ከዚያችኛዋ ልጅ ጄል ተዋሺ ብላት፣ አዎ፣ እንዲህ ማለትም ደፍሬአለሁ፣ «የራሷን ዕቃ ያልጠበቀች የሰው ጥፍር ትጠብቃለች?» አለችኝ። የላስቲኩን እጅ ለሠፈር ልጆች ሰጠቻቸው። ኳስ አደረጉት።

ለምን አደረግሁት? ለራሴ ብዙ መልስ ሰጥቼ ነበር። የሴትዮዋ ቤት ሾፌር የሚያድርበት መንገድ ዳር ነው፣ ለልጃገረድ አይሆንም አልሁ። የወንድሜ አደራ ናት አልሁ። ውሸት ነው። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው። ከባሌ ሞት በኋላ ቤቴ ውስጥ የሰው ድምፅ ያሰማችኝ እሷ ነበረች፤ ድምፁ እንዳይሄድብኝ የባለድምፁን ዕድል ሰበርሁ። ምን አተረፍሁ? ሁለት ወር። በሰኔ ጎረቤት ከተማ ኮኪት ላይ የሰሊጥ መጋዘን ሥራ አግኝታ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ኮኪት እየሄድሁ እጠይቃታለሁ። በሯን ቆልፋ አሥር እርምጃ ሄዳ ትመለሳለች፤ ቁልፉን ትነካዋለች፤ ደግማ ትመለሳለች። መጋዘኑ ውስጥ ቁልፍ ያዥ ሊያደርጓት ሲሉ «እኔን አትመኑኝ፣ እረሳለሁ» ብላ እምቢ አለች። ይህን በዐይኔ አየሁ። አይቼ ሻይዋን ጠጣሁ፤ አይቼ «ደኅና ዋይ» ብያት ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ስንት ጊዜ? በየወሩ።

ባለፈው ወር ደወለችልኝ። ኮኪት ላይ የጥፍር ቤት የከፈተች ሴት አግኝታለች፤ ሴትዮዋ የላስቲክ እጅም፣ መብራትም፣ ጄልም ከራሷ ሰጥታ ልታለማምዳት ፈልጋለች።

«እሰየው!» አልኋት።

«እምቢ ልላት ነው፣ እትዬ። የሰው ዕቃ ነው። ባበላሽባትስ? ያኔ ያደረግሁትን እርስዎ ያውቃሉ።»

አውቃለሁ። ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም። ስድስት ዓመት የቆየው በደል በዚያች ደቂቃ ዛሬ የተሠራ ሆነ፤ ዝም ካልሁ ጄሉን እንደገና ፀሐይ ላይ ማስጣቴ ነው። «እስከ ነገ አትመልሽላት» አልኋት።

ሲነጋ ኮኪት ነበርሁ። ሥራ ሳትገባ ከደጇ ደረስሁባት። እንድቀመጥ ወንበር ሰጠችኝ፤ አልተቀመጥሁም። እዚህ እንደጻፍሁት ነገርኋት፤ ሣጥኑን፣ ፌስታሉን፣ መርፌውን፣ ቃሉን። አላለቀስሁም። ማልቀሱ እንድታባብለኝ መጠየቅ ይሆን ነበር።

ያልተቀመጥሁበትን ወንበር ወደ ግድግዳው አስጠጋችው።

«መርፌም ወግተው አዩት?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እኔ ሌሊቱን ሁሉ የት እንዳስቀመጥሁት ሳስብ አድሬያለሁ። ስድስት ዓመት ሳስብ አድሬያለሁ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ዛሬ ይሂዱልኝ፣ እትዬ።»

ሄድሁ። መንገድ ላይ ሆኜ ወደ ኋላ ስመለከት በሩን ቆልፋ ወደ ሥራዋ ስትሄድ አየኋት። ልትመለስ ነው ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። አልተመለሰችም።

ሦስት ሳምንት አልደወለችም፤ እኔም አልደወልሁም። በአራተኛው፣ ማለትም ትናንት፣ ስልኬ ጮኸ።

«ጀመርሁ» አለች፤ ሰላምታ የለም።

«ተመስገን።»

«የላስቲኩ እጅ ላይ ደኅና ነኝ። ሴትዮዋ ግን እሱ ዝም ብሎ ይቀመጥልሻል፣ አሁን በሚንቀጠቀጥ እጅ ተለማመጂ አለችኝ። የርስዎ ይንቀጠቀጥ የለ?»

«ይንቀጠቀጣል።»

«እንግዲያ ቅዳሜ ይምጡ።» ጨመረችም፦ «ይቅር ብያለሁ አላልሁም። እጅዎን ይዘው ይምጡ ነው ያልሁት።»

«ገብቶኛል፣ ልጄ።»

ገብቶኛል። ይቅርታው የእሷ ነው፤ ከፈለገች በአንድ ዓመት፣ ከፈለገች ከሞትሁ በኋላ ትስጠው። ከእናንተም አልለምነውም። ብቸኛ አሮጊት ነበረች ብላችሁም አትዘኑልኝ፤ በዚህች ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ ስንት ሴቶች አሉ፣ የልጅ ዕድል አይሰብሩም። እኔ ሰብሬአለሁ። ልጅቱ ግን ጀምራለች። ቅዳሜ የመጀመሪያውን ሚኒባስ እይዛለሁ።