እጅ ለእጅ ተያይዘን ለጠላት ስንጸልይ

ባለፈው ረቡዕ፣ ቱላ በሚገኘው የቤት ኅብረታችን፣ ትምህርቱ «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚለው ነበር። እኔ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አይሆንልኝም። «መውደዱ ጥሩ ነው፤ ድንበርህን ገፍቶ የመጣን መዋጋት ግን ኃጢአት አይደለም» አልኩና ከኢያሱ እስከ ዳዊት ጥቅስ ደረደርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቴ ጋሽ ደስታ ግንባር ላይ የቆሰሉ ጡረተኛ ወታደር ናቸው።

«ጦርነትን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

«እኔ በጸሎት ሰዓት እናገራለሁ» አሉኝ።

በመጨረሻ መሪያችን እንደ ልማዳችን ሁለት ሁለት ሆነን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ድምፃችንን አውጥተን ስለ ጠላቶቻችን እንድንጸልይ ነገረን። እኔ ጠላት ስለሌለኝ ስለ አገር ጠላቶች በጥቅሉ ጸልዬ ጨረስኩ። ጋሽ ደስታ ዓይናቸውን ጨፍነው እጄን ጠበቅ አደረጉት።

«ጌታ ሆይ፣ ግንባር ላይ እግሬን የመታኝን ሰው ስሙንም አላውቀውም፤ ይቅር ብዬዋለሁ። አጥሩን ወደ ግቢዬ የገፋብኝን፣ ይህን እጁን የያዝኩትን ወንድም መውደድ ግን አቅቶኛል። እርዳኝ። አለዚያ መዋጋት ኃጢአት አይደለም ሲል አንተም ሰምተኸዋል።»