አስጠኚዋ ናት ገዳይዋ

በዚያ የሁዳዴ ሰሞን መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ከሰው አይቆጠርም ነበር። ከጀሞ ሜክሲኮ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ እርስ በርስ ተጣብቀን ተቀምጠን እንኳ አንዱ ሲያነብ ጎኑ ያለው አንገቱን አስግጎ አብሮት ያነባል። ቴሌግራም ላይ «መጨረሻውን የሚነግረኝ ሰው ካለ ተቆራርጠናል» ይባባላሉ። ለቡ መብራት ኃይል ታክሲ መያዣው ጋ የሚቆሙት መጽሐፍ አዟሪዎች ከሌላው ሁሉ ለይተው ከላይ ያደርጉታል። «ሥነ ልቦናዊ ልብ አንጠልጣይ! እንቅልፍ የሚነሳ!» ይላሉ። ሽፋኑ ላይ ግማሽ ፊቷን ጨለማ የዋጠው ሴት አለች። ርእሱን እዚህ አልጠራውም፤ እኔ ሳልጨምርበትም በቂ ተጠርቷል።

እኔ የምሠራው ለቡ፣ አንድ መጋረጃ ቤት ውስጥ ነው። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከታላቅ እህቴ ጋር ነው። እህቴ የሒሳብ አስተማሪ ነበረች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታመመች። እኛ ቤት ነገር ማድበስበስ ብዙ ስለጎዳን በግልጽ ልናገረው፤ ሕመሙ የአእምሮ ነው። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማት ነበር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ማርከር እንደያዘች ወደ ሰሌዳው ዞራ ቀረች፤ ተማሪዎቹ ሄደው ርእሰ መምህሩን ጠሩ። ሆስፒታል ተኛች። እናታችን ከሆሳዕና ከተማ በስልክ ትጸልይላት ነበር፤ ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት ደግሞ እኔ አስውጣት ነበር። ድምፁ ቀስ በቀስ ራቀ፣ ከዚያም ጠፋ። ትምህርት ቤቱ ግን «ትንሽ ዕረፊ» ብሎ እንዳሰናበታት ቀረ።

ወደ ሰው የመለሰቻት አንዲት ልጅ ናት። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖር፣ ባንክ የምትሠራ ጎረቤታችን ልጅ። ልጅቷ ፈተና ወድቃ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ እህቴ አገኘቻትና እዚያው አጠገቧ ተቀምጣ የተሳሳተችውን አስረዳቻት። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንደያዘች በቀጥታ እኛ ቤት ትመጣ ጀመር። ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ሚኒስትሪ ተፈታኝ። እህቴ የልጅቷ መምጫ ሲቃረብ ፀጉሯን ታበጥራለች፣ ጠረጴዛውን ትወለውላለች፣ ለብዙ ጊዜ ያላደረገችውን የጆሮ ጌጥ ታደርጋለች። ብሎኩ በሙሉ እንደገና «ቲቸር» ይላት ጀመር።

እናትየዋ የእህቴን ሕመም ታውቃለች። በመጀመሪያው ቀን የነገርኳት እኔው ነኝ፣ ኋላ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» ነበር ያለችኝ። «ስኳር ያለበት ሰውም እኮ መድኃኒት ይወስዳል።»

በዚህች ንግግሯ ወደድኳት።

መጽሐፉን ከብሎካችን ቀድማ የገዛችውም እሷ ናት። ውኃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካናችንን ይዘን ታች ስንገናኝ የደረሰችበትን ትተርክልኛለች። አንድ ሀብታም ቤተሰብ አለ፤ ትንሹ ልጃቸው ጠፍቷል፤ ሁሉም ሰው የሚደብቀው ነገር አለው። «የእንጀራ አባትየው ነው፣ ከፈለግሽ እንወራረድ» ትለኛለች። «ስጨርሰው ላንቺ ነው። ማንም ቢለምነኝ አልሰጥም።»

ከዚያ ልጅቷ ከጥናቷ ቀረች። መጀመሪያ «ጉንፋን ይዟት ነው» አለችኝ እናትየዋ። ቀጥሎ «ትምህርት ቤት የማጠናከሪያ ክላስ ጨምረውባቸው ነው» አለችኝ። እህቴ በተለመደው ሰዓት ጠረጴዛውን እየወለወለች ትጠብቃለች። እኔ ምንም አልጠረጠርኩም። እንዲያውም በሯን አንኳኩቼ ቃል የገባችልኝን መጽሐፍ ጠየቅኳት። ሁልጊዜ «ግቢ እንጂ» የምትለኝ ሴት በሩን ገርበብ እንዳደረገች መጽሐፉን አቀበለችኝ።

«እንዴት ነው? እንጀራ አባትየው ነው?» አልኳት እየሳቅኩ።

«አንብቢው» አለችኝ። ዓይኔን አላየችም።

በጾም ሠርግ የለም፤ ሠርግ ከሌለ መጋረጃ የሚቀይርም የለም። ሱቅ ውስጥ ከጨርቅ ጥቅሉ ጀርባ ተቀምጬ አነበብኩት። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ መጽሐፉ ይዞኝ ነበር። አንዲት ደንበኛ ዋጋ ጠይቃኝ ሳልሰማት መጋረጃውን ጥላ ወጥታለች። ደራሲው መጻፍ ይችላል። ሰውን ከምዕራፍ ምዕራፍ እየጎተተ፣ አንዴ እንጀራ አባቱን አንዴ ዘበኛውን እያስጠረጠረ ወስዶ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ያደርሳል። እዚያ ደግሞ ገዳይዋ አስጠኚዋ ሆና ትገኛለች። ያቺ ዝምተኛ፣ ልጁ የሚወዳት፣ አንባቢ የሚያዝንላት አስጠኚ። ለካ የአእምሮ ሕመምተኛ ናት። ድምፅ ይሰማታል። መድኃኒቷን በድብቅ አቁማ ድምፁ ያዘዛትን ፈጽማለች።

መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ስለ ጉንፋኑ አሰብኩ፣ ስለ ማጠናከሪያ ክላሱም።

ማምሻውን በቀጥታ ሁለተኛ ፎቅ ሄድኩ። መጽሐፉን አልመለስኩላትም፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«በመጽሐፉ ምክንያት ነው ልጅሽን ያስቀረሻት?»

«ኧረ በፍጹም! እኔን እንደዚያ ታስቢኛለሽ?» አለች። ወዲያው ግን ድምፅዋ ወረደ። «እናት ነኝ። ልብ ወለድ መሆኑን አጥቼው አይደለም። ግን ካነበብኩት በኋላ ከውስጤ አልወጣ አለኝ። አንድ ቀን መድኃኒቷን ብትረሳስ?»

«አትረሳም።»

«ደራሲው እኮ በደንብ አጥንቶ ነው የጻፈው ይባላል።»

እህቴን በየቀኑ ታያታለች። የልጇ ውጤት ሲሻሻል በዓይኗ አይታለች። ሰውየው ግን አጥንቷል ተባለ። ትቻት ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ።

እህቴ መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ አገኘችው። ልደብቀው አስቤ ነበር፤ ዘገየሁ። ቅዳሜ ጠዋት በረንዳ ላይ ጀምራ እሑድ ከሰዓት ጨረሰችው። ወደ ኩሽና መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«ጎበዝ ነው» አለችኝ።

«ማን?»

«ደራሲው። እስከ መጨረሻው እንጀራ አባትየው መስሎኝ ነበር።» ትንሽ ሳቀች። «ግን ሰው ታሞ እንዴት ያን ሁሉ ያቅዳል? እኔ ስታመም ጫማዬን ማሰር እንኳ አቅቶኝ ነበር። አንቺ አይደለሽ የምታስሪልኝ?»

የታጠቡትን ብርጭቆዎች አንስታ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

«ልጅቷ በዚህ ነው የቀረችው?»

ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ።

«አዎ በይኝ። ሌላው ቢደብቀኝ እንኳ አንቺ አትደብቂኝ።»

«አዎ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ብርጭቆዎቹን አጥባ ጨረሰች። በማግስቱ ጠረጴዛውን አልወለወለችም።

ከፋሲካ በኋላ ደራሲው ከአንባቢዎቹ ጋር እንደሚወያይ ሰማሁ። ላፍቶ፣ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት። ለእህቴ ሳልነግራት ሄድኩ። ቤቱ ጢም ብሎ ነበር፤ ወንበር ያጣው ደረጃው ላይ ቆሟል። ክፉ ሰው ጠብቄ ሄጄ ነው መሰለኝ፣ ትሑት ሰው ሆኖ ሳገኘው ይብስ ተናደድኩ። በለሰለሰ ድምፅ ይናገራል፤ ለሚጠይቀው ሁሉ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ያመሰግናል።

ማይኩ ሲደርሰኝ ተነሣሁ። «እህቴ እንደ አስጠኚዋ ሕመምተኛ ናት። ልጅ ታስጠና ነበር» አልኩት። «ገዳይዋን እሷን ማድረግ ለምን አስፈለገህ?»

ቀድሞ የመለሰልኝ እሱ አልነበረም። አዳራሹ ነው የጮኸው።

«ኧረ ያላነበብን አለን!»

«መጨረሻውን ተናገረችው! ምን ዓይነት ሰው ናት!»

አንዲት ወጣት መጽሐፏን ደረቷ ላይ አቅፋ ልታለቅስ ደረሰች። የመድረክ መሪው ማይኩን ከእጄ ወሰደና «ጥያቄ ስንጠይቅ ሌላውን አንባቢ እናስብ» አለ። ተጨበጨበ። ለእሱ። ጸጥታ ሲሆን ደራሲው መለሰ።

«ሰው የማይጠረጥረው ማን ነው ብዬ ነው የተነሣሁት» አለ።

«እኛ ሰፈር ሁልጊዜ የሚጠረጠረው ሕመምተኛው ነው» አልኩት ከተቀመጥኩበት። ማይክ ስላልነበረኝ ከአጠገቤ ሰው በቀር የሰማኝ ያለ አይመስለኝም።

ስወጣ ደራሲው በር ላይ ደረሰብኝ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ መስሎኝ ቆምኩ።

«ንግግርሽ ነካኝ» አለኝ። «ሁለተኛውን ክፍል እየጻፍኩ ነው። እህትሽን ባገኛት ደስ ይለኝ ነበር። ድምፁ በትክክል ምን እንደሚላት፣ እንዴት እንደሚጀምራት ብትነግረኝ... ስሟን አልጠቅስም።»

ስልኩን አውጥቶ ቁጥሬን እስክነግረው ጠበቀ። ትቼው ደረጃውን ወረድኩ። እስከ ጀሞ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ታክሲ ውስጥ ያንን ሽፋን ማየት አልፈለግኩም።

ሰኔ ገባ፤ ሚኒስትሪ ደረሰ። አንድ ቅዳሜ በራችን ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናት፤ ሙዝ በፌስታል ይዛለች። እህቴን ጠፋሽብኝ አለቻት፣ ጤንነቷን ጠየቀቻት፣ ስለ ሰፈሩ ውኃ አወራች።

«ቲቸር፣ ላስቸግርሽ ነው» አለች በመጨረሻ። «ያንቺ ጥያቄዎች ለልጄ በጣም ይጠቅሟት ነበር። የተወሰኑ ብታዘጋጂላትና ሰው ይዞላት ቢወርድ? እሷ ወደዚህ ለመምጣት እንኳን ጊዜም የላት...»

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት እህቴ «እሺ፣ ችግር የለም» አለች።

እናትየዋ እንደወጣች እህቴ ላይ ጮኽኩባት። «እምቢ አይባልም? ከልጇ ጋር ልታስቀምጥሽ ትፈራለች፣ ጥያቄሽን ግን ትፈልጋለች!»

«ልጅቷ ምን አጠፋች?» አለችኝ።

ቀኑን ሙሉ ሠራችው። ጥያቄዎቹን ከቀላል ወደ ከባድ ደረደረቻቸው፤ ልጅቷ የሚያደናግራትን ታውቃለችና እሱን ደጋግማ አስገባችው። አመሻሽ ላይ ወረቀቱን እንዳወርደው ሰጠችኝ። «እኔ አላደርሰውም» አልኳት። የምሬን ነበር። ሹራቧን ደረበችና ራሷ ይዛው ወረደች።

ብዙ አልቆየችም። ተመልሳ መጥታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ሹራቧን አላወለቀችም።

«ምን አለችሽ?»

«አመሰገነችኝ። በር ላይ ነው የተቀበለችኝ። ልጅቷ ከኋላዋ ቆማ ነበር። ሰላም አልኳት።»

«እሺ?»

«ሰላም ልትለኝ አፏን ከፈተች። ከዚያ መጀመሪያ እናቷን አየቻት።»

ልጅቷ ሚኒስትሪን በጥሩ ውጤት አለፈች፤ ይህንንም የሰማነው ከሌላ ጎረቤት ነው። መጽሐፉ እንደገና ታትሟል፣ ፊልም ሊሆን ነው ይባላል። እህቴ መድኃኒቷን ጠዋት ጠዋት ትውጣለች፣ ደህና ናት። ደረጃው ላይ ሲያገኟት አሁንም «ቲቸር» ይሏታል። ልጁን የሚልክላት ግን የለም።