ለአንድ እግር የፈረምኩት

አሳይታ ክሊኒክ ረዳት ነርስ ሆኜ ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከደሴ ወርጄ ሙቀቱን ገና ሳልለምደው የወህኒ ቤቱን እስረኞች ያክም የነበረው ቁስል አጣቢ ድሬሰር ተዛወረ። ምትክ አልተላከም። የክሊኒኩ ኃላፊ ሁላችንንም ሰብስበው ማን እንደሚሄድ ሲጠይቁ ሁሉም አቀርቅሮ ወለሉን ማየት ጀመረ።

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

«አንቺማ ሴት ነሽ።»

«እነሱም በሽተኞች ናቸው» አልኳቸው።

ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት የመድኃኒት ሳጥኔን ይዤ መመላለስ ጀመርኩ። የወህኒ ቤቱ አዛዥ ሻምበል ነበሩ፤ በዚያ ሙቀት እንኳ የካኪ ልብሳቸው የካውያ ተኩስ የማይበላሽ ንጹሕ ሰው። ሥራዬን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። «ራሱን ላመመው አስፕሪን፣ ወባ ለያዘው ኪኒን። ከዚያ በላይ አትመራመሪ።»

በሦስተኛው ጉብኝቴ ከግቢው ጥግ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ዝንብ የወረረው ሰው አየሁ። አፋር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ከብቶቹን ሲያጠጣበት የኖረው የወንዝ ዳር በጥጥ እርሻ ተያዘ። እሱ ግን እንደ ድሮው እየነዳ አስገባቸው፤ የእርሻው ዘበኛ ሊያስወጣው ሲመጣም ዘበኛውን በዱላ መታው። አንድ ዓመት ተፈረደበት። ያመልጣል ብለው ስለፈሩ ሁለቱንም እግሮቹን በብረት አስረውታል። የግራ ቁርጭምጭሚቱ ከማበጡ የተነሳ ብረቱ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል። ሽታውን መናገር አልፈልግም።

ወደ ሻምበሉ ቢሮ ሄድኩ። «ብረቱ ካልወለቀ ማከም አልችልም» አልኩ።

«በላዩ ላይ እሰሪለት።»

«በብረት ላይ ፋሻ?»

«አዎ፣ በብረት ላይ ፋሻ።»

እኔም ሄጄ አሰርኩለት። ብዙ ነገር አድርጌ አልተጸጸትኩም፤ በዚያ ፋሻ ግን እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ሰውየው ሳስርለት ያየኝ ነበር። የማደርገው ነገር ጥቅም እንደሌለው ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ዓርብ ስመለስ ትኩሳቱ እጄን አቃጠለኝ። ከእግሩ እስከ ጉልበቱ ቀልቷል። በወረቀት ላይ «ብረቱ ዛሬ ካልወለቀ ይህ ሰው እግሩን ወይም ሕይወቱን ያጣል» ብዬ ጽፌ ለሻምበሉ ሰጠሁ። አነበቡት፤ አጥፈው ከቀለም ብልቃጡ ሥር አስቀመጡት።

«ሰኞ እናየዋለን» አሉ።

ወጣሁ። ከበሩ ስደርስ ግን እግሬ አልሄድ አለኝ። ሳጥኔን መሬት አስቀምጬ፣ በሩ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩበት።

በር ጠባቂው አፋርኛ የሚናገሩ የወሎ ሽማግሌ ነበሩ። «ልጄ፣ ምን መሆንሽ ነው?» አሉኝ።

«ብረቱ እስኪወልቅ አልነሳም፣ አባባ።»

«ወላሂ ያባርሩሻል።»

«ያባርሩኝ።»

ከፊቴ ጥቂት ሴቶች ለእስረኞቻቸው ወተት ይዘው ይጠብቁ ነበር። አንዲቱ ቀረብ ብላ ሽማግሌውን አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። «የሰውየው እናት ናት፤ ለምን እዚህ ፀሐይ ላይ እንደተቀመጥሽ ትጠይቃለች» አሉኝ። በሽማግሌው አስተርጓሚነት ስለ እግሩ ነገርኳት። ፊቷ አልተለወጠም። ወተቷን ለሌላ ሴት አቀበለችና አጠገቤ ተቀመጠች። ቀስ በቀስ ሌሎቹም መጡ። ቀትር ላይ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ለምሳና ለእረፍት ሲዘጋ ሻምበሉ ረግጠውን ሊያልፉ ትንሽ ቀራቸው። ራሴ ዞረ፤ ሽማግሌው ውኃ አቀበሉኝ፤ ጠጥቼ ተቀመጥኩ።

ሻምበሉ በአሥር ሰዓት ሲመለሱ በሩ ላይ ያለነው ሰዎች ከጠዋቱ በዝተን ነበር።

«ይሄ አድማ ነው!» ብለው ጮኹብኝ። በዚያን ዘመን ያ ቃል ቀላል ቃል አልነበረም።

«አድማ አይደለም፣ ሻምበል። ሥራዬ ነው። እርስዎ ከልክለውኝ ነው የተቀመጥኩት።»

«ቢያመልጥስ?»

«በዚያ እግር?»

«ሲድንስ?»

«ያኔ እኔን ይሰሩኛ!»

ለማስፈራራት ይመስለኛል፣ ወረቀት አስመጡ። እስረኛው ቢጠፋ በእሱ ቦታ ተጠያቂ ነኝ የሚል ቃል ራሳቸው ጻፉ። ብዕሩን ተቀብዬ ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ፣ በሩ ላይ ባለው ሰው ሁሉ ፊት፣ እምቢ ማለት አቃታቸው።

ብረቱን ሽማግሌው በመሮና በመዶሻ ፈለጡት። እኔ እግሩን ይዤ ነበር። መዶሻው ባረፈ ቁጥር ሰውየው መላ አካሉ ይገተራል፤ ድምፅ ግን አላወጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ መሄዴ ቀረ፤ በየቀኑ እየሄድኩ መግሉን አጠብኩ፣ ፔኒሲሊን ወጋሁት። ከሳምንታት በኋላ ቁስሉ ንጹሕ ቀይ ሥጋ አወጣ። በደስታ ሽማግሌውን አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

አንድ ቀን ሰውየው ግድግዳ ይዞ ቆመ። ሽማግሌው ስለ ፊርማዬ ነግረውት ኖሮ እኔን ሲያይ በቁጣ ተናገረ።

«ምን ይላል?» አልኩ።

ሽማግሌው ተረጎሙልኝ። «ማን ፈርሚልኝ አለሽ ይላል። ከብረቱ ፈታሽኝ፣ በራስሽ አሰርሽኝ። ብረቱን እሰብር ነበር፤ ይሄንን እንዴት እሰብራለሁ ይላል።»

ምስጋና ጠብቄ ስለነበር ፊቴ ጋለ። ሌሊቱን ሙሉ ተናድጄበት ነበር፤ ሲነጋ ግን ልክ መሆኑ ገባኝ። ሻምበሉ ጋ ሄጄ «ፊርማዬን ይመልሱልኝ» አልኩ። ሳቁ። «ፊርማሽ ከብረቱ ይሻላል፤ እንዲያውም ለሁሉም እስረኛ ባስፈርምሽ» አሉኝ።

ሰውየው አላመለጠም። ቅጣቱን ጨርሶ፣ ትንሽ እያነከሰ፣ በትልቁ በር ወጣ። ሊሰናበተኝ አልመጣም። እናቱ ግን ክሊኒክ መጥታ ሁለት እጆቼን ይዛ ብዙ ተናገረች፤ አንድም ቃል አልገባኝም፤ እኔም በአማርኛ ብዙ ነገርኳት።

ብዙ ሳይቆይ የወህኒ ቤት ሥርዓት በማወክ ተከሰሻል የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። የአውራጃው የጤና ኃላፊ ጠርተው ወንበር ሰጡኝ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። «ተሳስቻለሁ ብለሽ ጻፊ፤ ነገሩ እዚሁ ያልቃል፤ ሥራሽ ላይ ትቆያለሽ» አሉ። ብዕር አቀበሉኝ።

«እግሩ ድኗል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ደጋግመው አነበቡት። «ሌላ የምትጨምሪው የለም?»

«የለም።»

ወደ አዋሽ ተዛወርኩ። በጭነት መኪና አቧራ ጠጥቼ ስደርስ አዲሱ አለቃዬ ደብዳቤውን አንብበው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«እዚህ ምን ሥራ ልስጥሽ?» አሉኝ።

«የዚህን ወህኒ ቤት እስረኞች የሚያክመው ማነው?» አልኳቸው።

«ማንም የለም።»

«እንግዲያው ሳጥን ይስጡኝ» አልኩ።