ለአባቴ «ሲስተም የለም» ያልኩት ቀን

የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና በጨረስኩ በስምንተኛው ቀን የቴክኖሎጂ ባለሙያ ሆንኩ። ባለሙያ ያደረገኝ መሃል ከተማ አንድ የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት መስታወት ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። «ኮምፒውተር የምትችል ሴት ሠራተኛ እንፈልጋለን» ይላል። ሴትነቴ አያከራክርም። ኮምፒውተሩን በተመለከተ ግን፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ጨርቅ የለበሱ ኮምፒውተሮች ተደርድረው ነበር፤ ጨርቁን በደንብ አውቀዋለሁ። የኮምፒውተርን ትርጉም፣ የክፍሎቹን ስምና የትውልዶቹን ታሪክ ሸምድጃለሁ፤ ማብራት ግን ፈተና ላይ ስለማይመጣ ማንም አላስተማረንም።

የቤቱ ባለቤት በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ ሥራ ላይ መዝሙር የሚያንጎራጉሩ ሴት ነበሩ። ከፊሉን ደንበኛ በሲዳምኛ፣ በሲዳሙ አፎ፣ ከፊሉን በአማርኛ ያስተናግዳሉ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

«ወርድ ትችያለሽ?» አሉኝ።

«እችላለሁ።»

«ኤክሴልስ?»

«እሱንማ በደንብ ነው፣ እትዬ።»

ኤክሴል ምን እንደሚሠራ ቢጠይቁኝ ኖሮ ሙያዬ እዚያው በሩ ላይ ያበቃ ነበር። አልጠየቁኝም። «ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ነይ» አሉኝ።

እናቴ ወሬውን ታቦር ለሚገኘው ሰፈራችን ለማዳረስ አንድ ከሰዓት በኋላ በቅቷታል። «ልጄ ሶፍትዌር ውስጥ ገብታለች» ትላለች፣ ሶፍትዌር መሥሪያ ቤት ይመስል። አባቴ እኔ ባልተማርኩበት ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው። ሥራውን አልተቃወመም፤ እስከ ውጤት ድረስ እጇን ትፍታበት አለ። እራት ላይ ግን ማንኪያውን አስቀመጠና፣ «ፈተናው እንዴት ነበር? እውነቱን ንገሪኝ» አለኝ።

«ቀላል ነበር፣ አባዬ።»

ቀላል አልነበረም። የፊዚክሱን ግማሽ አንዷን ምርጫ ተማምኜ «ሲ» ላይ ነው ያጠቆርኩት። አባቴ ግን፣ ተማሪዎቹ ደብተር ረሳሁ ሲሉት ቦርሳ የሚያስፈትሽ ሰው፣ እኔ ያልኩትን ሳያጣራ ይቀበል ነበር። በማግስቱ መምህራን ክፍል ገብቶ «ልጄ ቀላል ነበር ብላኛለች» ብሎ አወራ። ይህን ከእናቴ ስሰማ፣ ቢያንስ ውጤት እስኪመጣ ጥቂት ሳምንታት አሉ ብዬ ተጽናናሁ።

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ገጽ ባዶ ወረቀት ኮፒ አደረግሁ። የሚገለበጠው ወረቀት ፊቱን ወደ መስታወቱ መደፋት እንዳለበት ማን ነግሮኝ? ደንበኛው የቤት ካርታውን ሊያባዛ የመጣ ሽማግሌ ነበር። ባዶ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ፣ «የኔ ልጅ፣ ቤቴ የት ገባ?» አለኝ።

ከሁሉ የከፋው የሲቪው ጉዳይ ነው። በእኛ ሱቅ ሲቪ ከባዶ አይጻፍም። የፊተኛው ደንበኛ ሲቪ ይከፈትና ስሙ፣ ስልኩና ትምህርቱ ይቀየራል፤ የቀረው እንዳለ ይሄዳል። ፈጣን አሠራር ነው፣ የሚያይ ዓይን ካለ። አንዲት አዲስ የተመረቀች ነርስ መጣች። ከእሷ በፊት የተሠራው የአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ስሟን ቀየርኩ፣ ስልኳን ቀየርኩ፣ ትምህርቷን ቀየርኩ፣ ፎቶዋን አሳምሬ ለጠፍኩ። ልጅቷ ደስ ብሏት በአራት መሥሪያ ቤት አስገባች። ከሳምንት በኋላ ተመልሳ ስትመጣ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ከፎቶዋ ሥር «የጋብቻ ሁኔታ፦ ያገባ፣ የአራት ልጆች አባት» ይላል። የመንጃ ፈቃዱም እንዳለ ነበር። ከአራቱ መሥሪያ ቤቶች አንዱ ደውሎላታል፤ ለሹፌርነት።

አሠሪዬ ለልጅቷ አዲስ ሲቪ በነፃ ሠርተው ሸኟትና እኔን ጥግ አስቀምጠው የሙያውን ትልቁን ምስጢር የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። የሆነ ፋይል አልከፈት ብሎኝ «አላውቅበትም» ስል አንድ ደንበኛ ወጥቶ ሲሄድ አይተው ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ አላውቅም አትበዪ» አሉኝ። «ደንበኛ አላውቅም ሲሉት ይሄዳል። ሲስተም የለም ሲሉት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አንቺ እስከዚያ እኔን ጥሪኝ።»

እውነታቸውን ነበር። ቃሉን ለማንም ብናገረው ማንም አይከራከረኝም። ባንክም፣ ቀበሌም፣ ሆስፒታልም ሲሰማው የኖረ ሰው ነው። ማተሚያው ወረቀት ሲያኝክ ሲስተም የለም። ፋይል የት እንዳስቀመጥኩ ሲጠፋኝ ሲስተም የለም። ሰፈር ውስጥም ይዤው ሄድኩ። ጎረቤቶቻችን የቴሌቪዥን ሪሞት፣ የተሰበረ ስልክ፣ አንድ ቀን የሳር ማጨጃ ሞተር ሳይቀር «ለኢንጂነሯ» ብለው ያመጡ ነበር። ባትሪውን አውጥቼ እነክሰዋለሁ፣ መልሼ እከታለሁ፣ ካልሠራ ጣራ ጣራ እያየሁ ሲስተሙ መሆኑን እነግራቸዋለሁ። አመስግነውኝ ይሄዱ ነበር። በሁለት ወር ውስጥ አሥር ጣቴ ባይሠራም በስድስቱ በደንብ መጻፍ ቻልኩ፤ ከሙያው የገባኝ ግን ከጣቶቼ ይልቅ ምላሴ ላይ ነበር።

መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ውጤት ተለቀቀ። ሱቁን እንደከፈትኩ፣ ማንም ሳይገባ፣ መለያ ቁጥሬን አስገባሁ። ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ ከስድስት መቶ። ማለፊያው ሦስት መቶ ነበር። ኮምፒውተሩ የተሳሳተ መስሎኝ አጥፍቼ አበራሁት፤ ሌላ የማውቀው ጥገና የለም። ያው ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ ነው። እንባ እንኳን አልመጣልኝም፣ ፊቴ ብቻ ጋለ። ወዲያው ልጆች መግባት ጀመሩ፤ ሰልፉ በሩን አልፎ መንገድ ደረሰ። የሰው ውጤት እያየሁ ለአንዱ እንኳን ደስ አለህ፣ ለሌላዋ አይዞሽ እላለሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አባቴ ከትምህርት ቤት ደወለ።

«ውጤት ወጥቷል ይላሉ። አየሽ?»

አፌ ከእኔ ቀደመ። «ሲስተም የለም፣ አባዬ።»

«እሺ» ብሎ ዘጋው።

ማታ እነግረዋለሁ አልኩ። ማታ ግን ሩቅ ሆነ፤ ቀትር ላይ ቀና ስል አባቴ ሰልፉ ውስጥ ቆሟል። የትምህርት ቤት ጋዋኑን እንደለበሰ፣ ከልጆቹ መሃል፣ ተራውን እየጠበቀ። በዓይኔ ናልኝ አልኩት፤ አልመጣም። የሰው ተራ አይነካም። ሰልፉ ባጠረ ቁጥር የእኔ ላብ በዛ። አባቴ መሆኑ ከታወቀ ልጆቹ ሁሉ የእኔን ውጤት ሊጠይቁ ነው፤ ባለሙያዋ ወድቃለች ሊባል ነው። ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ያደረግሁትን ዛሬም ሳስበው ያቃጥለኛል። አባቴን እርስዎ አልኩት።

«ምን ልርዳዎት?»

አየኝ።

«የልጄን ውጤት ፈልጌ ነበር» አለ።

«አልመጣም። ሲስተም የለም።»

«ለእነዚህ ልጆች ግን እየመጣላቸው ነው።»

«በፊደል ተራ ነው የሚለቁት። የአንዳንዱ ይቆያል።»

ከሁለት ደቂቃ በፊት ስሟ ልክ እንደ እኔ ስም በሚጀምር ልጅ ውጤት ሰልፉ ሁሉ አጨብጭቧል። ሃያ ዓመት ሒሳብ ላስተማረ ሰው ይህን መናገር ድፍረት ነው፣ ያውም የሞኝ።

«ስንተኛው ፊደል ላይ ደርሰዋል?» አለኝ።

«መሃል አካባቢ ናቸው። ቆይተው ይሞክሩ።»

«አመሰግናለሁ» አለ፣ እንደማንኛውም ደንበኛ። ወጥቶ ሄደ።

ቀጥላ የነበረችው ቀጭን ልጅ ወረቀት ታቅፋ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። ውጤቷን አውቃዋለች፤ ማሳተም ብቻ ነው የፈለገችው።

«የት አየሽው?» አልኳት፣ ወሬ ለማስቀየር።

«ትምህርት ቤት። አሁን የወጡት መምህራችን ናቸው እኮ። ጠዋት ቢሯቸው ባለው ኮምፒውተር የሁላችንንም አይተውልን ነበር።» ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ውይ ሲያሳዝኑ። የእኛን ጨርሰው የልጃቸውን ቁጥር ከኪሳቸው አወጡና አዩት። ሦስት ጊዜ ደጋግመው ነው ያዩት። ከዚያ ደወሉላትና ‹አየሽ?› አሏት። ምን እንዳለቻቸው እንጃ፣ ስልኩን ዘግተው ለረጅም ጊዜ አልተነሡም። እዚህ ምን ሊያደርጉ እንደመጡ አልገባኝም።»

እኔ ግን ገባኝ። ጠዋት ሲደውልልኝ ቁጥሩ ፊት ለፊቱ ነበር። ሰልፍ የተሰለፈውም ውጤት ሊያይ ሳይሆን ሁለተኛ ዕድል ሊሰጠኝ ነው። እኔም ዕድሉን ተቀብዬ፣ አጣጥፌ፣ ቆይተው ይሞክሩ ብዬ መለስኩለት። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ራሴን ጠልቼው አላውቅም።

ተነሣሁ። አሠሪዬ ከማተሚያው ኋላ «አንቺ ልጅ! ሰዉን ጥለሽ ወዴት?» ሲሉ ሰማኋቸው። በሱቅ ነጠላ ጫማ፣ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው ፍላሽ ደረቴን እየመታኝ፣ በአስፋልቱ ዳር ሮጥኩ። የታቦር ባጃጆች የሚቆሙበት ስደርስ አባቴ ከሁለት ሴቶች ጋር ተሳፍሯል፣ ሹፌሩም ሊነሣ ነው። የባጃጁን ብረት ያዝኩና፣

«አባዬ! ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

ሹፌሩ የታሪፍ ጭቅጭቅ መስሎት ሞተሩን አጠፋ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የባጃጅ ማቆሚያው ሕዝብ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ውጤቴን ከአንድ ሰልፍ ልጆች ደብቄ ለአንድ ሰፈር አወጅኩት።

«ስንት አልሽ?» አለ አባቴ። ሰምቶ ነበር።

«ሁለት መቶ ሰማንያ አንድ። ጠዋት ነው ያየሁት። ስትደውልልኝ አውቅ ነበር። ፈተናውም ቀላል አልነበረም፣ ዋሽቼህ ነው።» ከዚህ በኋላ እንባዬ ስለመጣ የቀረው አልተሰማም። አንደኛዋ ሴት «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሬሜዲያል የሚሉት ማካካሻ ትምህርት አለልሽ» አለችኝ።

«አሁን ሰማሁ» አለ አባቴ። ሹፌሩን ይቅርታ ጠይቆ ወረደ።

ወደ ሱቁ አብረን ተመለስን። እንዲመክረኝ ወይም እንዲቆጣኝ ጠበቅሁ፤ የነጠላ ጫማዬን ኳኳታ ብቻ እየሰማን ሄድን። በሩ ጋ፣ ሰልፉ አጠገብ ስንደርስ ቆመ።

«ወድቀሻል፣ እሺ፣ ከእሱስ ይነሣል» አለኝ። «እኔን ግን ሁለተኛ እንደ ባዳ እንዳታናግሪኝ።»

«እሺ፣ አባዬ» አልኩት፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማኝ።