ጋሼ ሳይወጡ ማንም የማይወጣበት ቢሮ

ሠራተኛው ሁሉ «ሬዲዮ» ይላታል። ሥራዋ እንግዳ መቀበል ነው፤ ከዋናው በር ፊት ለፊት፣ ከስልኩ ኋላ ትቀመጣለች። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ሊፍት ውስጥ እንዳለቀሰ ከእሷ ጆሮ አያመልጥም። ወሬ ካላወራች ምሳዋ አይፈጭላትም።

አንድ ቀን ጠዋት ወሬው የገዛ ቤቷ ውስጥ ፈነዳ። አብራት የምትኖረው የእህቷ ልጅ ሬዲዮ የምትሠራበትን ቢሮ ቃለ መጠይቅ አልፋለች! ነገ ጠዋት ሄዳ ልትፈርም ነው። ልጅቷ መሬት አልበቃት ብሏል፤ ሬዲዮ ግን ፊቷ ጠቆረ።

«እዚያ አትግቢ፣ የኔ እናት።»

«አክስቴ ደግሞ! ‹እኛ ጋ ሠራተኛ የለም፣ ቤተሰብ ነን› ብለውኛል እኮ።»

«ጉዱ እሱ ላይ ነው! ሠራተኛ ቢሆን እኮ ሰዓቱ ሲደርስ ቤቱ ይሄዳል።»

«አንቺ ዘመድሽ ሲያልፍለት ያምሻል እንዴ?»

ይህች ቃል ሬዲዮን ወጋቻት። «እንግዲያው ዛሬ በመውጫ ሰዓት ነይና አጠገቤ ተቀመጪ። በዓይንሽ እይው» አለቻት።

መጣች። የመውጫ ሰዓት ደረሰ፣ አለፈም፤ አንድ ሰው ንቅንቅ አላለም። የሽያጩ ሰውዬ የጠፋ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ ቁልፎቹን ይቀጠቅጣል። ሒሳብ ሠራተኛዋ ጠረጴዛ ሥር አጎንብሳ፣ ስልኳን በእጇ ጋርዳ፣ «መጣሁ የኔ ጌታ፣ አሁን መጣሁ» እያለች ለልጇ ታንሾካሹካለች።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አለች ልጅቷ።

«ጋሼን።» ጋሼ ማለት ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ እዚያ ቢሮ «አለቃ» ማለት ነውር ነው። «ከጋሼ ቀድሞ የወጣ ሰው ጠዋት ስብሰባ ላይ ይጨበጨብለታል።»

«ታዲያ ምን ክፋት አለው?»

«‹ወንድማችን ትናንት ደክሞት ነበር፣ አይዞህ እንበለው› ይባላል። አስነስተው፣ መሀል አቁመው፣ ጭብጨባውን ያወርዱበታል። አንዴ የተጨበጨበለት ሰው እኮ ሁለተኛ ቀና ብሎ አይሄድም!»

የጋሼ በር ገርበብ ብሏል። መብራቱ በርቷል፤ ኮታቸውም ወንበራቸው ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ኮቱ ካለ ጋሼ አሉ፤ የቤቱ ሕግ ይኸው ነው። ልጅቷ ግን ሕጉን መች ለመደችው! ተነስታ ሄዳ በሩን አንኳኳች። የቁልፍ ጩኸቱ ቆመ።

«አንቺ! አንቺ ልጅ!» ሬዲዮ ከኋላዋ ሮጠች።

በሩ ተከፈተ። ኮቱ አለ። ጋሼ የሉም!

ሬዲዮ ወደ ጥበቃው ደወለች። «ጋሼ?» አለ ጥበቃው፣ «ከምሳ በኋላ በጓሮ በር ወጡ እኮ። እንደ ሁልጊዜው።»

እንደ ሁልጊዜው! ሬዲዮ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ወሬ አግኝታ አታውቅም። መሀል ቆማ ጮኸች፦ «ቤተሰብ! ስንጠብቅ የኖርነው ኮት ነው! ተነሱ፣ ቤታችሁ ሂዱ!»

ማንም አልተነሳም። የሽያጩ ሰውዬ፣ «ሊፈትኑን ይሆናል» አለ። ሌላው «ልክ ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። የቁልፍ ጩኸቱ እንደገና ጀመረ።

ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ። ሰዎቹን አየች፤ ባዶውን ወንበር አየች። ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች። «አልፈርምም፣ አክስቴ። አንቺስ?»

የነገው ጭብጨባ ሬዲዮ ጆሮ ውስጥ አስቀድሞ ጮኸ። እግሯ ግን ቀደማት። «ያጨብጭቡ! እጃቸው እስኪላጥ ያጨብጭቡ!» አለችና ወጣች። ደረጃው መሀል ሲደርሱ ሒሳብ ሠራተኛዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እየሮጠች አለፈቻቸው።

ሬዲዮ ወደዚያ ቢሮ አልተመለሰችም፤ አሁን አክስትም ልጅም ሥራ ፈላጊ ናቸው። ማስታወቂያ ሲያዩ ማመልከቻ ከማስገባታቸው በፊት በመውጫ ሰዓት ሄደው ከሕንፃው ማዶ ይቆማሉ፤ ማን ይወጣል፣ ምን መስሎ ይወጣል የሚለውን ያያሉ። እናንተም ሥራ የምትፈልጉ፣ ቁሙ! መንገድ ላይ ለመቆም ማንም ፈቃድ አይጠይቃችሁም። ቃለ መጠይቅ ላይ ሁሉም ቤት ቤተሰብ ነው።

ሰሞኑን አንዱ ሕንፃ ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ብርግድ አለ፤ ሠራተኛው እየተሳሳቀ፣ እየተንጫጫ መንገዱን ሞላው። ሬዲዮ የልጅቷን ክንድ ቆነጠጠች። «ይሄ ነው! ግቢ! አሁኑኑ ገብተሽ አመልክቺ!»

«አክስቴ፣ ዘግተው እየሄዱ እኮ ነው!»

«ዘጉ? እሰይ!» አለች ሬዲዮ፣ መንገዱ ላይ እየዘለለች። «ነገ በጠዋት ሁለታችንም እዚህ ነን!»