ደም ለመቀነስ የመጣው ምላጭ

ዛሬ ጠዋት አጎቴን በቡጢ ጥዬ ምላጩን ስቀማው የወንድሜ ደም ፍራሹን አርሶት ነበር።

ወንድሜ ወባ እየተመላለሰበት ጣፊያው አብጧል። ያበጠው ጣፊያ ደም የሚያረጋውን ፕላትሌት ይውጥበታል። ሐኪሙ «አዲስ አበባ ሄዶ ወደ ጣፊያው የሚገባው ደም ይቀነስለት» አለን።

አጎቴ ይህን ሰምቶ ከደጋው አገሩ ከገረሴ ወረደ። «ደም ለመቀነስ አዲስ አበባ ምን ያስኬዳል?» ብሎ እንደ አባቶቹ የወንድሜን ጎን በምላጭ በጣው። ምላጩ እንኳ አዲስ ነው፤ ለንጽህና ይጠነቀቃል።

ደሙ አልቆም አለ። በነጠላ ጠፍረን በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው።

ተሰፍቶ ቆመለት፤ ግን ደም ያስፈልገዋል ተባለ። መጀመሪያ ክንዱን የዘረጋው አፉ ያበጠው አጎቴ ነው። «ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ቅዱ» አለ።

እናንተ ቤት ጣፊያው በምላጭ የታከመ አለ? የሆነውን ጻፉልኝ፤ ለአጎቴ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ።