ይቅደሙ

አትላንታ ላይ በረዶ ወረደ ማለት ዳቦና ወተት ከየሱቁ ይጠፋል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ በማግስቱ በረዶው ጭቃ ይሆናል። ልጄ ይህን በረዶ ንቃዋለች። ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጉልበት ድረስ የሚውጥ የምር በረዶ፣ "ሪል ስኖው" ካላየሁ ብላ ሳምንቱን ሙሉ ስትነዘንዘን ከረመች። እኔ ከኮሌጅ ፓርክ ሆቴሎች ወደ ኤርፖርት ሰው የማመላልስ የሌሊት ሹፌር ነኝ። እሑድ ጠዋት ከሥራ ስገባ የምመኘው አልጋዬን ብቻ ነው። የዚያን እሑድ ግን ሚስቴ ምሳ ቋጥራ፣ አባቴ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ልጄ ጫማዋን አስራ ጠበቁኝ። ሚስቴ የመኪናውን ቁልፍ ተቀበለችኝ፤ እኔም ከከተማው በስተሰሜን ያሉት ተራሮች ጋ እስክንደርስ ተኛሁ።

ስነቃ ያሳሰበኝ የአባቴ ነገር ነው። በመስከረም ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ሐኪሙ መራመድ ጥሩ ነው፣ እስከ ማለክለክ ድረስ ግን አይሆንም ብሎናል። "እርስዎ እዚህ ሙቀቱ ውስጥ ይቆዩ" ብላቸው፣ "ወሎ ተራራ ሥር ተወልጄ ይቺን ጉብታ በመኪና መስኮት ላያት ነው?" ብለው ወረዱ።

መንገዱ በዛፎች መካከል የሚወጣ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ነው። የሸፈነውን በረዶ ከእኛ በፊት ማንም አልረገጠውም። መግቢያው ላይ ስንደርስ እንደ ሁልጊዜው "ይቅደሙ" አልኩ። የበር ላይ ቃል ነው፤ ታላቅ ቆሞ ታናሽ አይገባም። አባቴም እንደ ሁልጊዜው ቀደሙ።

ጥቂት እንደሄድን ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። ፊት ያለው ሰው እየሰመጠ፣ እግሩን እየነቀለ መንገድ ይሠራል፤ ከኋላ ያለው በተሠራው ላይ ይሄዳል። አከበርኩ ብዬ ከባዱን ሥራ ለበሽተኛው ሰጥቻለሁ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ሲል የእኔም አብሮ ይቆረጣል። አልፌያቸው እንዳልሄድ ደግሞ በሕይወቴ አባቴን ቀድሜ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ወደ መስጊድ ሲወስዱኝ ከኋላ ከኋላ እየሮጥኩ ነበር የምከተላቸው። ርምጃቸው ሰፊ ነበር፤ ዞረውም አያዩኝም። አሁን "ልቅደም" ማለት "ደክመዋል" ማለት ነው፤ እሱን ደግሞ አፌ አይለውም።

"ትንሽ ዐረፍ እንበል" አልኩ።

"ደከመህ?"

"አዎ።" ውሸት አልነበረም።

ቆምን፣ ሄድን፣ ደግሞ ቆምን። ሚስቴ ከኋላ ጃኬቴን ጎተት አድርጋ በዐይኗ ወደ እሳቸው አመለከተችኝ። ምን ላድርግ?

ልጄ ግን እንዲህ ያለ ጭንቀት የለባትም። "አባባ፣ ለምንድነው ሁልጊዜ አንተ ፊት የምትሆነው?" አለቻቸው። "ላይክ፣ ፊት መሆን እኮ በጣም ሃርድ ነው።"

"ዝም በይ" አልኳት።

አባቴ ቆሙ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ከመንገዱ ወጣ ብለው አንድ ዛፍ ተደገፉ።

"እንመለስ ይሻላል" አልኩ።

"ልጅቷ ጫፉን ሳታይ? አይሆንም። ቅደም።"

"ኧረ በአላህ! እርስዎ ይቅደሙ" አልኩ፤ ምላሴ ለምዶ ነው።

"ይቅደሙ ይቅደሙ እያልክ ልታስቀድመኝ ነው እንዴ? በዚህ ዓይነት በእውነትም ወደማይቀረው ቀድሜህ እሄዳለሁ።"

ሚስቴ ሳቋ አመለጣት። እኔ አልሳቅኩም። በአጠገባቸው ሳልፍ ራሴን ዝቅ አደረግኩ። መንገዱን ሙሉ የተመኘሁት ይህንኑ ነበር፤ ሲሆን ግን ከፋኝ። ከፊቴ የምከተለው ጀርባ የለም፤ ያለው በረዶ ብቻ ነው። ታፋዬ ተቃጠለ፤ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰውነቴ በየርምጃው ተነጫነጨ። ቶሎ ወጥተን ቶሎ እንመለስ ብዬ እግሬን ዘረጋሁ።

"ቀስ በል" አሉኝ አባቴ ከኋላ። "ርምጃህ ሰፋብኝ።"

ይህን ለማንም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ዞሬ አላየሁም፤ ፊቴን እንዲያዩትም አልፈለግኩም። እግሬን አጠጋግቼ መርገጥ ጀመርኩ።